ስልኬ ውስጥ ያሉ ሰዎች

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ፣ ወሬው ወደ ፋይዳ ወይም ወደ ቴሌብር ወይም «ስልካችን ይሰማናል» ወደሚለው በዞረ ቁጥር አንድ ሰው ይላታል። አንዳንዴ ቀልድ ትጨመርባታለች፦ «ማንስ ቢሰልለኝ ምን ያገኛል? የሦስት መቶ ብር ሒሳቤን? ከእናቴ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሁትን?» ሁሉም ይስቃል፤ ወሬው በዚያው ይዘጋል።

የተለመዱትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። «እንግዲያው የኢሜይልህን የይለፍ ቃል ስጠኛ»፣ «መጸዳጃ ቤት ስትገቢ በሩን ለምን ትዘጊያለሽ?» የመሳሰሉትን። እውነቱን ለመናገር አንዳቸውም ሰው ሲያሳምኑ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ፈገግ ይልና ስልኩን መነካካቱን ይቀጥላል። ምናልባትም ልክ ነው። የሚደብቀው የሌለው፣ ቢታወቅበትም የማይጎዳ ሰው ሊኖር ይችላል። የታደለ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም።

የእኔ ጠብ ከዓረፍተ ነገሯ የመጀመሪያ ቃል ጋር ነው። «እኔ» ከምትለዋ ጋር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስልኬ ውስጥ ስንት ቁጥር እንዳለ ቆጠርኩ። 842። ከእነዚህ ውስጥ በወር አንዴ እንኳ የምደውልላቸው ሠላሳ አይሞሉም። የቀሩት እነማን ናቸው? «ቧንቧ ሠራተኛ ገርጂ» አለ። «አከራይ የድሮ» አለች። «ደላላ አይነሳም» የሚል አለ፤ እውነትም ተነስቶ አያውቅም። ቤይሩት ያለች የአክስቴ ልጅ ሦስት ቁጥር አላት፤ አሠሪ በቀየረች ቁጥር የተቀየሩ ናቸው። ለሌላ ሰው ብዬ የጠየቅኋት የሥነ ልቦና ሐኪም አለች። ከስሟ አጠገብ ያለችበትን የሕክምና ክፍል የጻፍኩላት፣ ሕመሟን ለወላጆቿ ያልተናገረች የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ አለች። የሞቱ አራት ሰዎችም አሉ፤ ቁጥራቸውን ለማጥፋት እጄ እምቢ ያለኝ።

አሁን አዲስ መተግበሪያ ስጭን አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች፤ የስልክ ማውጫዎን ልጠቀም፣ ይፈቅዳሉ? ትላለች። ሁለት ምርጫ አለ። ብዙ ሰው «ፍቀድ» የምትለዋን ይነካል፤ ምክንያቱም «አትፍቀድ» ያለ ሰው መተግበሪያው በየሁለት ቀኑ እየመጣ ይነዘንዘዋል። እዚህች ቅጽበት ላይ ነው መቆም የምፈልገው። ፈቃጁ ስለ ራሱ ምን ፈቀደ? ምንም ማለት ይቻላል። ስሙንና ቁጥሩን ሲመዘገብ አስቀድሞ ሰጥቷል። አሁን የፈቀደው ስለ 842 ሰዎች ነው። ስለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ስለ አክስቱ ልጅ፣ ስለ ሕመምተኛዋ፣ ስለ ሙታኑ። «የምደብቀው ነገር የለኝም» ሲል ስለ ራሱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስለ እነሱ ግን ማን ጠየቀው?

አንድ ጓደኛ አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሰው ለመራቅ ሲም ካርዷን ቀየረች፣ ሰፈር ቀየረች፣ ሥራም ቀየረች። አዲሱን ቁጥር የሰጠችው ለአሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቆጥራ። (እኔ ከአሥራ አንዱ አልነበርኩም። ያኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን እፎይ እላለሁ።) የሆነ ጊዜ ላይ አሮጌ ሶፋዋን ለመሸጥ ፎቶ አንስታ ከነቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈች። ስሟን አልጻፈችም። ሰውየው ሶፋውን አወቀው፤ አብረው የገዙት ነው። ቁጥሩን ወስዶ የደዋይ ስም በሚያሳይ አንድ መተግበሪያ ላይ አስገባው። የወጣለት ስሟ ብቻ አይደለም። ከስሟ ቀጥሎ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ተጽፏል፤ ልክ ከአሥራ አንዱ አንዱ ስልኩ ላይ እንዳስቀመጠው። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ደግነቱ ጥበቃዎቹ ደረሱላት። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ግን ሌላው ነገር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰውየው በቀር ክፉ ሰው የለም። ከአሥራ አንዱ አንዱ ማን እንደሚደውልለት ለማወቅ ፈለገ፤ ማንም የሚፈልገው ነገር ነው፤ አጭበርባሪ በበዛበት ዘመን ደግሞ ጥንቃቄም ነው። «ፍቀድ» አለ። በቃ። የራሱን ደኅንነት ሲጠብቅ የእሷን በር ከፈተ፤ መክፈቱን እስከ ዛሬም ላያውቅ ይችላል።

ይሄ የአንዲት ጓደኛዬ ክፉ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለምን ያነጋገረውን የካምብሪጅ አናሊቲካን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በወሬው መሐል አንድ ቁጥር ተውጦ ቀርቷል። ፌስቡክ ላይ የነበረውን ያንን የስብዕና መጠይቅ የጫኑት ሰዎች 270 ሺህ ገደማ ነበሩ። ፌስቡክ ራሱ መረጃቸው ተላልፎ ሊሆን ይችላል ያላቸው ሰዎች ግን እስከ 87 ሚሊዮን ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በጊዜው ፌስቡክ አንድ መተግበሪያ የተጠቃሚውን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ እንዲወስድ ይፈቅድ ስለነበር ነው። ሲካፈል በእያንዳንዱ «እሺ» ባይ ጀርባ ከሦስት መቶ በላይ ያልተጠየቁ ሰዎች አሉ ማለት ነው። በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። ሦስት መቶ ጓደኞቹን አሳልፎ የሰጠውን ሰው ግን ማንም ምንም አላለውም፤ ምንስ ይባላል?

የኬንያው ደግሞ ለኛ ኑሮ ይቀርባል። እዚያ በስልክ ብቻ ብድር የሚሰጡ መተግበሪያዎች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ፣ በደቂቃ ውስጥ። ተበዳሪው ሲያዘገይ ነው ዋሱ ማን እንደነበረ የሚታወቀው፤ አበዳሪው ከስልኩ ማውጫ ላይ ለአለቃው፣ ለአማቱ፣ አብራው ለተማረችው ልጅ «እገሌ ዕዳ አለበት» ብሎ መልእክት ይልካል። እስቲ አስቡት፤ ዋስ ሁኑ ያልተባሉ፣ ያልፈረሙ፣ ብድሩን ያልሰሙ ሰዎች በውርደት ዋስ ሆነው አረፉት። ኬንያ በ2022 ባወጣችው ደንብ ይህን አሠራር ከለከለች። በ2023 ደግሞ ጎግል የግል ብድር የሚሰጡ መተግበሪያዎች የስልክ ማውጫንና ፎቶን እንዳይነኩ አገደ። ከዚያ በፊት ግን ስንቱ አማት ስንቱን አማች በመልእክት አውቆታል።

እዚህ ላይ የማውቀው ተቃውሞ ይመጣል። «አንተ ደግሞ! ግላዊነት ምናምን የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ጎረቤቱ የወጥህን ሽታ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ያገባኸው፣ የፈታኸው፣ የታመምከው በዕድር ይታወቃል።»

ግማሹ እውነት ነው። «ግላዊነት» የሚለው ቃል ራሱ አፍ ላይ አይጣፍጥም። የተፈበረከ ቃል መሆኑ ያስታውቃል፤ ለብቻ መብላትን፣ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰውን ያስታውሳል። ሕገ መንግሥቱ እንኳ አንቀጽ 26 ላይ «የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብት» ብሎ ረዘም አድርጎ ነው ያስቀመጠው። እናቴ ይህን ሐረግ በሕይወቷ አንዴም ተጠቅማበት አታውቅም።

ግን እናቴ «ገመና» ትላለች። «አደራ» ትላለች። እነዚህን ሁለት ቃላት ልብ ብላችሁ ስሟቸው። ገመና የራስህ ነው፤ የሚሸፍነው ግን ሌላ ሰው ነው። «ገመናዬን ሸፈነችልኝ» ይባላል፤ ቤቷ መጥታ የሌለኝን አይታ ወጥታ ያላወራች ሴት ማለት ነው። አደራም እንዲሁ፤ ዕቃው የእኔ ነው፣ ግዴታው የአንተ ነው። ግላዊነት «የእኔን ነገር አትዩ» የሚል፣ ከሚታየው ሰው አፍ የሚወጣ መብት ነው። ገመናና አደራ ግን ሸክሙን ያየው ሰው ትከሻ ላይ ይጥላሉ። አየህ፤ እንግዲህ ያየኸውን ያዝ።

ጎረቤት ሁሉን ያውቃል፤ ልክ። ጎረቤት ግን ይታወቃልም። ስለ እኔ ያወራችውን ሴት ነገ ቧንቧ ላይ አገኛታለሁ። የእሷም ልጅ ትምህርት አቋርጧል፣ የእሷም ባል ይጠጣል፤ እኔም አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ታውቃለች። ይህ መተዋወቅ ነው አፏን የሚይዘው፤ ባይዘውም እንኳ ወሬው ከሰፈር አይወጣም፣ በዓመቱም ይረሳል። ከአንድ የኩባንያ ሰርቨር ጋር ቧንቧ ላይ አንገናኝም። ሰርቨሩ ይሉኝታ የለውም። መርሳትም አያውቅም፤ ቢረሳ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ይጠገናል። ስለዚህ «እኛ ድሮም ሁሉን እንተዋወቃለን» የሚለው ክርክር ለመተግበሪያው ሲሆን አይሠራም። የመተዋወቁ ግማሽ ቀርቷል።

ከዚህ ተነስቼ የድሮው ሰፈር ገነት ነበር ልል አይደለም። ያው «ገመና» የሚባለው ቃል ስንት የተደበደበች ሴት አፍ ዘግቷል? «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» እየተባለ ጎረቤቱ ጩኸት እየሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደረገበት ቤት ስንት ነው? ያየኸውን ያዝ የሚለው ግዴታ ገደብ ከሌለው የበዳይ መጠለያ ይሆናል። የሰው ምስጢር መያዝ ያለብኝ ለባለቤቱ ስል ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የተጎዳው ሰው እንጂ ጎጂው አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። በካሊፎርኒያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሰው የገደለና ሴቶችን የደፈረ፣ ለአሥርት ዓመታት ያልተያዘ ወንጀለኛ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተያዘው ፖሊስ ከወንጀሉ ቦታ የተገኘውን የዘረመል መረጃ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ለመፈለግ ወደሚጠቀሙበት ድረ ገጽ አስገብቶ የሩቅ ዘመዶቹን ስላገኘ ነው። ዘመዶቹ እሱን አላጋለጡም፤ መኖሩንም ላያውቁ ይችላሉ። የራሳቸውን ምራቅ ነው የሰጡት። በ2020 ጆሴፍ ጄምስ ዲአንጀሎ 13 ግድያዎችን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እዚህ ታሪክ ላይ ቆሜ «የዘመዶቹ ፈቃድ ትክክል አልነበረም» ለማለት አልደፍርም። የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች አርባ ዓመት ጠብቀዋል።

ግን በዚያው ዓይነት አገልግሎት ላይ ሌላም ነገር ደርሷል። በ2023 ሃያ ሦስት ኤንድ ሚ የሚባለው የዘረመል ምርመራ ኩባንያ ተሰረቀ። ሌቦቹ በቀጥታ የገቡባቸው አካውንቶች 14 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ቦታ የተጠቀሙበትን የይለፍ ቃል እዚህም የደገሙ ሰዎች አካውንቶች። በዘመድ ፈላጊው አገልግሎት በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወሰደ። የአንድ የማላውቀው የሦስተኛ ትውልድ ዘመዴ ስንፍና የእኔን የዘር ግንድ ገበያ ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ያው ሰንሰለት አንዴ ነፍሰ ገዳይ ያስይዛል፣ አንዴ ንጹሕ ሰው ያስዘርፋል፤ በሁለቱም ጊዜ ያልተጠየቀ ሰው አለበት። የመጀመሪያው ስላስደሰተኝ ሁለተኛውን መርሳት አልችልም።

«ታዲያ ሕግ ይውጣለት» የሚል ወዳጅ አለኝ። ወጥቷልኮ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ነው፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ተቋማት የሰው መረጃ ሲሰበስቡ ሕጋዊ መሠረት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። መውጣቱ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙን ወደፊት እናያለን። (ተቆጣጣሪውንስ ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ከዚያ በፊትም ባዶ አልነበርንም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ካሜራ ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን! ዛሬ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ተደርጎበት ሳይ ይህ አንቀጽ ትዝ ይለኛል።

ሕግ ግን እስከ እኔና እናንተ ስልክ ድረስ ሲመጣ ያመነታል፤ ቢያመነታም አልፈርድበትም። በዚህ ላይ የምወደው አንድ የስዊድን ጉዳይ አለ። በ1998 አንዲት ሊንድክቪስት የምትባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቤቷ ሆና የሰፈሯን ምእመናን ለመርዳት ድረ ገጽ ሠራች። አብረዋት ስለሚያገለግሉ 18 ሰዎች ለዛ ባለው ቋንቋ ጻፈች፤ ሥራቸውን፣ የትርፍ ጊዜ ልማዳቸውን፣ የአንዳንዶቹን ስልክ ቁጥር። አንዷ እግሯን ተጎድታ በሕመም ምክንያት ግማሽ ቀን እንደምትሠራም ጠቀሰች። ማንንም አልጠየቀችም። አንዳንዶቹ ደስ እንዳላላቸው ስትሰማ ወዲያው አጠፋችው። ሆኖም ተከሰሰች፤ የታችኛው ፍርድ ቤት 4 ሺህ ክሮና ቀጣት። ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 መልስ ተሰጠበት። የአውሮፓ ሕግ አንድ ሰው ለግል ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚይዘውን መረጃ አይነካም፤ ይህ ግን ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ቁጥሩ የማይታወቅ ሰው የሚያየው ስለሆነ የቤት ጉዳይ አይደለም፣ የእግር ጉዳቱም የጤና መረጃ ነው ተባለ።

ይህን ታሪክ ለሰዎች ስነግር ሁሌ ያዝኑላታል። እኔም አዝንላታለሁ። ለምእመናን ብላ የደከመች ሴት ለአንድ እግር ፍርድ ቤት መቆም ነበረባት? ግን እግሯ የተጎዳውን ሴትዮ ማንም አያነሳትም። እሷ ሕመሟን ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራለች፤ ለዓለም አልነገረችም። እና ያቺ ሳቅ ያለባት መስመር ውስጥ ገብታ የተገኘችው በወዳጅ እጅ ነው። ልብ በሉ፤ ሊንድክቪስት ድረ ገጹን መሥራት ነበረባት፣ ኮዱን መጻፍ ነበረባት። ዛሬ ያንን ሁሉ ያህል መረጃ አሳልፎ ለመስጠት አንዲት «ፍቀድ» ትበቃለች፤ የሰጠው ሰው መስጠቱን ሳያውቅ።

ስለዚህ ቅጣት አልመኝም። ጎረቤቴ ቁጥሬን ስላሰራጨ ይከሰስ የምል ሰው አይደለሁም። ይልቅ መስኮቷ ራሷ ብትቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። አይፎን በ2024 ባወጣው ማሻሻያ ማውጫውን በሙሉ ሳይሆን የተመረጡ ሰዎችን ብቻ ለመተግበሪያ ማሳየት እንዲቻል አድርጓል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ጥያቄውን ትቀይረዋለች። «ማውጫህን ልይ?» ሳይሆን «ከእነዚህ ማንን?» ስትባል ስሞቹን ማየት ግድ ይሆንብሃል። የአክስትህን ልጅ ስም ታያለህ፤ የሞቱትንም ታያለህ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። አንዲት የማውቃት ልጅ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ነበር። ወንድሟ ሌሊት ላይ ረጅም መልእክት ላከላት፤ ስለ አባታቸው፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ራሱ መጠጥ ነገር። ለማንም ተናግሮት የማያውቅ ነገር አለበት። እሷ ምን ብላ እንደምትመልስ ጨነቃት፤ መልእክቱን እንዳለ ገልብጣ ቻትጂፒቲ ላይ ለጠፈችና «ምን ማለቱ ነው? ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀች።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 ላይ ምስጢራዊ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጽ አይችልም ይላል። ደብዳቤው እጇ ገብቷል፤ ቃሉ ግን የወንድሟ ነው። ይህን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና ማሽኑ የሰጣትን መልስ አሳየችኝ። ጥሩ መልስ ነበር። እውነቴን ነው፤ እኔ ብሆን ከምመክራት የተሻለ፣ የወንድሟን ፍርሃት እሷ ከተረዳችው በላይ ያየ። ያንን ይዛ ደወለችለት፤ ታረቁ፤ እሑድ አብረው አባታቸው ጋ ሄዱ።

«ልንገረው እንዴ?» አለችኝ።

ንገሪው አልኳት። እስካሁን አልነገረችውም።